ስለሚመጣና ስለሚሄድ ጉድለት

በዚህ ዓለም ያለው ጉድለት በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ዘወትር የሚታይ ጉድለት ነው፤ ሁለተኛው የሚመጣና የሚሄድ ጉድለት ነው። እግሩ የተሰበረ ወንበር ጧትም የተሰበረ ነው፥ ማታም የተሰበረ ነው፤ አናጢው መጥቶ ያየዋል፥ ዋጋውን ይናገራል፥ ይጠግነዋል። እንዲህ ያለው ጉድለት ገንዘብ ያስወጣ ይሆናል እንጂ ሰውን ከሰው አያጣላም። የሚመጣና የሚሄደው ጉድለት ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ባለቤቱ ብቻውን በመንገድ ላይ ሳለ ይገለጣል፤ ከባለሙያ ፊት ሲቀርብ ይሰወራል። በዚህም ምክንያት ባለቤቱን ውሸታም ያስመስለዋል፤ ባለሙያውን አላዋቂ ያሰኘዋል፤ ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ እውነተኛው ምክንያት ተሸሽጎ ሳለ በአጠገቡ የተገኘውን ንጹሕ ሰው ያስወነጅለዋል። አባቶቻችን «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ወጣት አንባቢዎቼ፤ ስለዚህ ጉድለት ልነግራችሁ የምፈልገው በረቂቅ ቃል አይደለም፤ በሚዳሰስና በሚለካ ነገር ነው። ፊዚክስ ሳስተምር ኖሬ በጡረታ የተሰናበትሁ ሰው ስለሆንሁ፥ ምሳሌዬን የማመጣው ከለመድሁት ሥራ ነው። ይኸውም አንዲት የረዥም መንገድ ሞተር ብስክሌት ባትሪዋን አንድ ጊዜ ስትሞላ ሌላ ጊዜ ሳትሞላ የቀረች እንደሆነ ምክንያቱ እንዴት ተፈልጎ እንደሚገኝ ነው። ይህን የተረዳ ሰው ሞተር ብስክሌት ባይኖረው እንኳ ትምህርቱ ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ ነገሩ በደኅናው ጊዜ እንዴት እንደሚሠራ እንወቅ፤ የጤናን መልክ የማያውቅ ሰው በሽታን ሊያውቅ አይችልምና። የረዥም መንገድ ሞተር ብስክሌት የሚባለው ሁለት ሰውና ጓዝ ይዞ በቀን ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር እንዲሄድ የተሠራው ነው። ነፋስ የሚከላከል መስተዋት ከፊቱ፥ ሻንጣ ከጎንና ከጎኑ አለው። ከሌሎቹ ሞተር ብስክሌቶች ይልቅ ኤሌክትሪክ ይበላል፤ ትልቅ የፊት መብራት አለው፥ አንዳንዱም በብርድ አገር የእጅ መያዣውን የሚያሞቅ ሽቦ ተጨምሮለታል። ባትሪው ግን ከመኪና ባትሪ ያነሰ ነው።

የእኛ አገር ገበሬ ይህን ሥርዓት ከማንም ተማሪ ይልቅ ፈጥኖ ይረዳዋል። ዲናሞው አዝመራ ነው፤ ባትሪው ጎተራ ነው፤ መብራቱና ሞተሪኖው ከጎተራው የሚበሉ ቤተሰቦች ናቸው፤ ሬጉሌተር የሚባለው ደግሞ ጎተራው እንዳይጎድልም እንዳይትረፈረፍም የምትቆጣጠር የቤት እመቤት ናት። የ12 ቮልት ባትሪ ሞልቶ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ በቴስተር ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። 12 ቮልት ያሳየ እንደሆነ ጎተራው ሊያልቅ ተቃርቧል ማለት ነው። ሞተሩ ተነሥቶ ፍጥነት ሲጨምር ግን ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት መድረስ ይገባዋል። እዚያ ሳይደርስ ቀርቶ እየወረደ የሚሄድ ከሆነ አዝመራው አልገባም፤ ከ15 ቮልት ያለፈ እንደሆነ ደግሞ ሬጉሌተሩ ሥራውን ትቷል፥ የባትሪው አሲድም ይፈላል።

አሁን አንድ ቀላል ሒሳብ እናስብ። ዲናሞው 280 ዋት የሚሰጥ ቢሆን፥ ለ14 ቮልት ሲካፈል 20 አምፔር ይሆናል። ሞተር ብስክሌቲቱ መብራቷን አብርታ ስትሄድ 8 አምፔር ያህል ትበላለች እንበል፤ የቀረው ወደ ጎተራው ይገባል። ዲናሞው በድንገት ሥራውን ቢያቆም ግን ሞተሩ ወዲያው አይጠፋም። ባትሪው 28 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ከሆነ፥ 28 ለ8 ሲካፈል 3 ሰዓት ተኩል ነውና፥ ባለቤቱ ምንም ሳያውቅ ከጎተራው እየበላ ብዙ አገር ያቋርጣል። ባትሪው ያረጀ ከሆነ ጊዜው ያጥራል፤ ሞተሪኖውም ብዙ ኃይል ስለሚፈልግ ከሁሉ በፊት እምቢ የሚለው እሱ ነው።

ከዚህ ሒሳብ አንድ ትልቅ ነገር እንማራለን። ጉድለቱ የደረሰበት ቦታና ጉድለቱ የታወቀበት ቦታ አንድ አይደሉም። አዝመራው የከሸፈው በመስከረም ሆኖ ረኃቡ የሚሰማው በሰኔ እንደሚሆን ሁሉ፥ ዲናሞው ሥራውን ያቆመው በአንድ ወንዝ አጠገብ ሆኖ ሞተሩ አልነሣ የሚለው ከወንዙ ርቆ በሚገኝ ከተማ ይሆናል። ይህን የማያውቅ ሰው ምክንያቱን የሚፈልገው በከተማው ውስጥ ነው፤ በከተማው ውስጥ ደግሞ ሁልጊዜ የሚጠረጠር ሰው አይጠፋም።

ስለ ቀይዋ የቻርጅ መብራትም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ከእ.ኤ.አ. 1978 ጀምሮ እንደተሸጠችው እንደ ቢ.ኤም.ደብልዩ አር 100 አርቲ ባሉት የረዥም መንገድ ሞተር ብስክሌቶች ዲናሞው በራሱ ማግኔት የለውም። በመሐሉ የሚሽከረከር ሮተር የሚባል ሽቦ የተጠቀለለበት አካል አለ፤ ማግኔት የሚሆነው ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ብቻ ነው። የመጀመሪያዋ ጥቂት ኤሌክትሪክ ከባትሪው ተነሥታ በቀይዋ መብራት፥ በሬጉሌተሩ፥ ካርቦን በሚባሉት ሁለት ትንንሽ ጥቁር ድንጋዮችና በሮተሩ አልፋ ወደ ማሳ ትገባለች። ስለዚህ ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሣ ቀይዋ መብራት ትበራለች። ሞተሩ ተነሥቶ ዲናሞው ማመንጨት ሲጀምር በመብራቲቱ በዚህና በዚያ ወገን ያለው ቮልት እኩል ስለሚሆን መብራቲቱ ትጠፋለች። ሰው ሁሉ «መብራቷ ጠፍታለችና ደኅና ነው» የሚለው ስለዚህ ነው።

ዳሩ ግን የመብራቲቱ መጥፋት ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው ዲናሞው በሚገባ ሠርቶ ስትጠፋ ነው። ሁለተኛው የሮተሩ ሽቦ ተቆርጦ ኤሌክትሪኩ መሄጃ ሲያጣ ነው፤ መንገዱ ከተዘጋ መብራቲቱም ልትበራ አትችልምና። የጤናው ጨለማና የበሽታው ጨለማ መልካቸው አንድ ነው። የሚለዩት ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን እንደገና በመክፈት ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ጤነኛዪቱ ትበራለች፥ በሽተኛዪቱ ጨለማ እንደሆነች ትቀራለች። ይህን ትንሽ ነገር ባለማስተዋል አንድ ወጣት እንጀራውን ሊያጣ ደርሶ ነበር፤ ነገሩም እንዲህ ነው።

በ2006 ዓ.ም. አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውጭ አገር ብዙ ዘመን ኖሮ ሲመለስ ከ25 ዓመት በላይ ያገለገለች አንዲት የረዥም መንገድ ሞተር ብስክሌት ይዞ መጣ። እናቱ በባሕር ዳር ይኖሩ ስለነበር እሳቸውን ለመጠየቅ ከአዲስ አበባ በጎጃም መንገድ ይመላለስ ጀመር። በመጀመሪያው ጉዞ ደብረ ማርቆስ ላይ ምሳ በልቶ ሲነሣ ሞተሪኖው አንድ ጊዜ ጠቅ ብሎ ዝም አለ። ሰዎች ገፍተው አስነሡለት፤ ከዚያ እስከ ባሕር ዳር ያለ ችግር ሄደ። በማግሥቱ ወደ አንድ መካኒክ ቢወስዳት ቴስተሩ 14 ቮልት አሳየ፤ መካኒኩም «ይህች ምንም የለባትም» ብሎ መለሰው። ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ባትሪው አርጅቶ ይሆናል ብሎ አዲስ ባትሪ ገዛ፤ በሚያሠራበት ጋራዥ የሚያገለግል የ18 ዓመት ልጅ ባትሪውን አሰረለት።

በሚቀጥለው ጉዞ ያው ነገር ያው ከተማ ላይ ደረሰበት። ወዳጄ የተማረ ሰው ነውና ማሰብ ጀመረ። እንዲህም አለ፤ «በመንገድ ሁሉ ቀይዋ መብራት አልበራችም፤ እንግዲያስ ዲናሞው ጤነኛ ነው። ዲናሞው ጤነኛ ከሆነ ጥፋቱ የባትሪው ነው። ነገር ግን እኔ የገዛሁት አዲስ ባትሪ ነው፤ አዲስ ባትሪ እንዲህ ፈጥኖ አይሞትም። እንግዲያስ አዲሱ ተለውጦ አሮጌ ታስሮልኛል። ባትሪውን የነካው ደግሞ ልጁ ብቻ ነው።»

አንባቢዎቼ፤ ይህን አሳብ ደጋግማችሁ ተመልከቱት። እያንዳንዱ እርምጃ ከፊተኛው እርምጃ በሚገባ የተወለደ ነው። ወዳጄ ክፉ ሰው ስለሆነ ወይም ማሰብ ስለማይችል አልተሳሳተም፤ የመጀመሪያውን መሠረት ሳይለካ ስለተቀበለው ነው እንጂ። መሠረቱ የተጣመመ ግንብ፥ ድንጋዩ በሙሉ በልክ የተጠረበ ቢሆን እንኳ መጣመሙ አይቀርም።

የጋራዡ ባለቤት ነገሩ እስኪጣራ ብሎ ልጁን ከሥራ አገደው። ልጁ ከገጠር የመጣ፥ በሚያገኘው ጥቂት ገንዘብ እኅቱን የሚያስተምር ነበር። ባትሪውን እንዳልለወጠ ማለ፤ ዳሩ ግን መሐላ ባትሪ አይሞላምና የሚሰማው አላገኘ። ወዳጄ ይህን ሁሉ ቤቴ መጥቶ በቡና ላይ ሲነግረኝ ልጁ ከታገደ ዘጠኝ ቀን ሆኖት ነበር።

እኔም «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ ነው፤ እስቲ ጥቂት ልጠይቅህ» አልሁት። «ይህ ችግር በአዲስ አበባ ከተማ ውስጥ ስትመላለስ ደርሶብህ ያውቃል?» ብለው «የለም መምህር፥ ከተማ ውስጥ አንድም ቀን አልደረሰብኝም» አለኝ። «ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ ስትመጣስ?» ብለው «እሱም የለም» አለ። «ደብረ ማርቆስ የምትደርሰው ከምን በኋላ ነው?» አልሁት። ትንሽ አሰበና «ከዓባይ በረሃ በኋላ» አለ። «እንግዲያስ ያ ልጅ የዓባይን በረሃ አልፈጠረውም፤ ሰውን ከመክሰሳችን በፊት መንገዱን እንጠይቀው» አልሁትና አብሬው ልሄድ ተስማማን።

ይህን ልማድ ያገኘሁት በልጅነቴ ከተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ማታ ማታ ለሁለት ሰዓት ያህል መብራት የሚሰጠን ጄኔሬተር ነበር። አንዳንድ ቀን ያለ ምክንያት ይጠፋል። አስተማሪያችን በጠፋ ጊዜ መጀመሪያ የሚያነሡት መፍቻ አልነበረም፤ እርሳስ ነበር። ሰዓቱን፥ ዝናብ መኖር አለመኖሩን፥ ስንት መብራት በርቶ እንደነበረ በደብተር ይጽፉ ነበር። እኛ ልጆች በጨለማ ተቀምጠን እንስቅባቸው ነበር፤ የሳቅንበት ደብተር ግን ዕድሜዬን ሙሉ አገለገለኝ።

ለጉዞው የቴስተሩን ሁለት ሽቦ ከባትሪው ምሰሶዎች ጋር አሰርንና ቴስተሩን ባለቤቱም እኔም እንድናየው ከቤንዚን ጋኑ ላይ በላስቲክ አጠበቅነው። እኔ ከኋላ ተቀምጬ በየጊዜው በቆምን ቁጥር ቁጥሩን እጽፋለሁ። ከአዲስ አበባ በብርድ ስንወጣ 14 ቮልት ነበር። ጎሐ ጽዮን ስንደርስ 13.9፤ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርደን ድልድዩን ስንሻገርም ያው 13.9 ነበር። ከዚያ ወደ ደጀን የሚያወጣውን ዳገት ጀመርን። የበረሃው ሙቀት ከታች፥ የሞተሩ ትኩሳት ከውስጥ፤ ጓዝና ሁለት ሰው ጭና በዝቅተኛ ማርሽ ስለምትሄድ የሚያቀዘቅዛት ነፋስ የለም። ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደ ወጣን ቁጥሩ በአንድ ጊዜ ከ13.8 ወደ 12.3 ወረደ፤ እየቆየም 12.2፥ 12.1 እያለ ሄደ። ቀይዋ መብራት ግን እንደ ጠፋች ነበረች። ከኋላው ሆኜ ትከሻውን መታ አደረግሁና ቆመን።

ሞተሩን አጥፍተን ቁልፉን መልሰን ከፈትን። የዘይት መብራቷ በራች፤ ጧት ስንነሣ በርታ ያየናት የቻርጅ መብራት ግን አልበራችም። ወዳጄ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ መብራቲቱን ተመለከታት። ከዚያ የባትሪውን ማሳ ነቅለን ጎን አደረግን፤ የዚህ ዓይነቱን ዲናሞ ክዳን ማሳ ሳይነቅሉ መክፈት ሽቦውን አነካክቶ ዳዮዶቹን ሊያቃጥል ይችላልና። ክዳኑን ከፍተን ካርቦኖቹን በቀጭን ስንጥር ከፍ አደረግንና ሮተሩ ላይ ያሉትን ሁለት የመዳብ ቀለበቶች በቴስተር ነካን። ቴስተሩ አንዳች ነገር አላሳየም፤ በሮተሩ ውስጥ መንገድ አልነበረም።

በዚያን ሰዓት ገንጥለን ገበያ ብንወስዳት ኖሮ እስክንደርስ ትድን ነበር። ስለዚህ ምንም ሳንነካ ከአንድ ድንጋይ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ዝንጀሮዎች ከገደሉ ላይ ሆነው ይመለከቱን ነበር። አርባ ደቂቃ ያህል ከቆየን በኋላ ያንኑ ሁለት ቀለበት ብንለካ 3 ኦም ገደማ አሳየ፤ ይህም ለጤነኛ ሮተር የሚገባው ቁጥር ነው። ነገሩ ግልጽ ሆነ። የሮተሩ ሽቦ በአንድ ቦታ ላይ ተበጥሷል፤ ሲቀዘቅዝ ጫፍና ጫፉ ይነካካል፥ ሲሞቅ ይላቀቃል። እርጅና እንጂ የማንም ክፋት አልነበረም። ባሕር ዳር መካኒኩ የለካው በቀዝቃዛ ጧት ስለነበር 14 ቮልት ማየቱ እውነት ነው፤ ወዳጄም መብራቷ አልበራችም ማለቱ እውነት ነው፤ ልጁም አልለወጥሁም ማለቱ እውነት ነው። ሦስቱም እውነት ተናግረው ሳለ አንዱ እንደ ሌባ ተቆጠረ።

ሮተሩ በአዲስ አበባ የመዳብ ሽቦ በሚጠቀልል ባለሙያ እንደገና ተጠቀለለ። ወዳጄም ወደ ጋራዡ ሄዶ በሠራተኞቹ ሁሉ ፊት ልጁን ይቅርታ ጠየቀው፥ የቀረበትንም የዘጠኝ ቀን ደመወዝ ከኪሱ ከፈለው። ልጁ ይቅርታውን ተቀብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። ዳሩ ግን ከዚያ በኋላ የሰው ዕቃ በተሰጠው ቁጥር «ስትረከቡኝ ቁጥሩን ጻፉልኝ» ይል እንደነበር ሰማሁ። ሮተር በሁለት ቀን ይጠቀለላል፤ የተነካ ስም ግን እንደዚያ ቶሎ አይጠቀለልም።

አሁን እንዲህ ያለ ጉድለት የገጠመው ሰው ሊከተለው የሚገባውን መንገድ በተራ ልንገራችሁ።

አንደኛ፥ ከመፍታትህ በፊት ጻፍ። ሰዓቱን፥ ሙቀቱን ወይም ብርዱን፥ ዳገቱን፥ ዝናቡን፥ የበራውን መብራት ሁሉ ጻፍ። የሚመጣና የሚሄድ ጉድለት ያለ ምክንያት የሚመላለስ ይመስላል እንጂ የራሱ ሰዓትና መንገድ አለው። ሦስት ወይም አራት ጊዜ ከተጻፈ መንገዱ ይታወቃል። ጉድለትንና ጠባይንም ለይ፤ ብዙዎቹ የድሮ ሞተር ብስክሌቶች ቆመው በዝግታ ሲሠሩ መብራት ከበራባቸው ባትሪያቸውን አይሞሉም፤ ይህ የተፈጠሩበት ጠባይ ነው እንጂ በሽታ አይደለም።

ሁለተኛ፥ ከቀላሉና ከርካሹ ጀምር። የባትሪው ምሰሶዎች ላልተዋል ወይስ ነጭ ዝገት ይዘዋል? ማሳው ከሻሲው ጋር በሚገባ ታስሯል? ፊውዙ የተቀመጠበት ብረት ጠቁሯል? የሽቦ መገናኛዎቹ ፕላስቲክ ቀልጧል? ለምሳሌ ያህል ሆንዳ ጎልድ ዊንግ ከእ.ኤ.አ. 1975 ጀምሮ እስከ 1987 በተሠሩት ዓይነቶቿ፥ ስታተር የሚባለው ኤሌክትሪክ አመንጪ ሽቦ ከሞተሩ ኋላ ውስጥ የተቀመጠ ነው፤ እሱን ለመለወጥ ሞተሩን በሙሉ ከሻሲው ማውጣት ያስፈልጋል። ከስታተሩ የሚወጡት ሦስቱ ቢጫ ሽቦዎች ግን በጎን በኩል በአንድ መገናኛ ላይ ይገኛሉ። መገናኛውን ማየት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ሞተሩን ማውጣት ግን የብዙ ቀን ድካም ነው። ከመገናኛው በፊት ሞተሩን የሚያወርድ ሰው ትጉህ ይመስላል እንጂ ብልህ አይደለም። በነዚህ ሦስት ሽቦዎች መካከል ሁለት ሁለት እየተደረጉ ሲለኩ ሦስቱም ቁጥሮች እኩል መሆን አለባቸው፤ አንዳቸውም ከማሳ ጋር መነካካት የለባቸውም።

ሦስተኛ፥ ሸክም እያለ ለካ። ብዙ ቀጫጭን ክሮች ካሉት ሽቦ አንዲት ክር ብቻ ብትቀር፥ ሥራ ፈቶ ሳለ በኦም ሲለካ ጤነኛ ይመስላል፤ የቴስተሩ ኤሌክትሪክ እጅግ ጥቂት ነውና። መብራቱን አብርተህ ሞተሩን አስነሥተህ በባትሪው አሉታዊ ምሰሶና በሞተሩ አካል መካከል ያለውን ቮልት ለካ። ከ0.2 ቮልት ያለፈ እንደሆነ በመካከል የታመመ ማሰሪያ አለ። ሰውም እንዲሁ ነው፤ የባልንጀራ ጥንካሬ በሰላም ጊዜ በሚናገረው ቃል አይለካም፥ ሸክም በተሸከመ ጊዜ ነው እንጂ።

አራተኛ፥ ጉድለቱን በራሱ አገር ፈልገው። በሙቀት የሚመጣ ከሆነ አሙቀህ ለካ፤ በመንቀጥቀጥ የሚመጣ ከሆነ ሞተሩ እየሠራ መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዙር፥ የሽቦውን ጥቅል በእጅህ አንድ በአንድ ነካ ነካ አድርግ፥ ዓይንህን ግን ከቴስተሩ ላይ አታንሣ። በመሪው አንገት አጠገብ ዘወትር የሚታጠፍ ሽቦ ላዩ ደኅና ሆኖ ውስጡ የተቆረጠ ሊሆን ይችላል። ደግሞም በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጥ፤ ሦስት ነገር በአንድ ቀን የለወጠ ሰው ቢድንለት እንኳ በየትኛው እንደ ዳነ አያውቅም።

አምስተኛ፥ የሚጎዳ ፈተና አትፈትን። አንዳንድ ሰው ዲናሞው መሥራቱን ለማወቅ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ሽቦ ይነቅላል። ይህ ልማድ ዳዮዱንና ሬጉሌተሩን ሊያቃጥል ይችላል፤ ጤነኛውን በመፈተን በሽተኛ ማድረግ ነው።

ስድስተኛ፥ ጉድለቱ ስለጠፋ ብቻ ዳነ አትበል። የሚመጣና የሚሄድ ጉድለት በራሱ መጥፋት ልማዱ ነው። ጥገናው ተፈጸመ የሚባለው ምክንያቱን በስም ስትጠራውና ቀድሞ በወደቅህበት መንገድ፥ በወደቅህበት ሰዓት፥ ያንኑ ሸክም ይዘህ በደኅና ያለፍህ ጊዜ ነው። ወዳጄ ሮተሩ ከተጠቀለለ በኋላ የዓባይን ዳገት በእኩለ ቀን ደግሞ ወጣው፤ ቴስተሩ ከታች እስከ ላይ ከ13.7 አልወረደም። ያን ጊዜ ነው ተጠገነ ያልነው።

ወጣት አንባቢዎቼ፤ ከነዚህ ስድስት ነገሮች በላይ ሆኖ በልባችሁ እንዲቀር የምመኘው አንድ ነገር ነው። ምክንያቱ ያልታወቀ ጉዳት በደረሰ ጊዜ ሰው ባዶ ቦታ አይወድም፤ በባዶው ቦታ ላይ ቶሎ የሰው ስም ያስቀምጣል። የሚቀመጠውም አብዛኛውን ጊዜ ራሱን ለመከላከል ኃይል የሌለው ሰው ስም ነው፤ ሎሌው፥ ገረዲቱ፥ ተላላኪው ልጅ፥ አዲስ የመጣው እንግዳ። በቤታችሁ ገንዘብ ሲጠፋ፥ በመሥሪያ ቤታችሁ መዝገብ ሲሰወር፥ በጓደኞቻችሁ መካከል ምሥጢር ሲወጣ ይህ ፈተና ይመጣባችኋል። ያን ጊዜ «መብራቷ አልበራችም» የሚል እርግጠኛ የመሰለ ቃል ትሰማላችሁ። እናንተም «ቁልፉን መልሰን ከፍተን አየን ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

እንዲህ ስል ጥፋተኛ ሰው የለም ማለቴ አይደለም። ባትሪ የሚለውጥ ሌባም አለ፤ ለእሱም ሕግ አለው። ነገር ግን ሌባውን ከንጹሑ የሚለየው ቁጣችን ወይም ጥርጣሬያችን አይደለም፤ በተገቢው ቦታና በተገቢው ሰዓት የተደረገ ልክ ነው። ያልለካ ሰው እውነቱን ቢያገኝ እንኳ በአጋጣሚ አገኘው፤ ነገ ያንኑ መንገድ ተከትሎ በንጹሑ ላይ ይፈርዳል።

እንግዲህ በእጃችሁ ያለው ነገር፥ ሞተርም ቢሆን ሰውም ቢሆን፥ አንድ ቀን ደኅና ሆኖ ሌላ ቀን ቢከዳችሁ አትቸኩሉ። መፍቻ ከማንሣታችሁ በፊት እርሳስ አንሡ፤ ስም ከመጥራታችሁ በፊት ሰዓቱንና ቦታውን ጠይቁ፤ ጉድለቱም በሚገለጥበት ዳገት ላይ አብራችሁት ውጡ። በጋራዥ ጥላ ሥር ተቀምጦ ከመፍረድ ይልቅ በፀሐይ ዳገት መውጣት ያደክማል፤ የሰው እንጀራና የሰው ስም ግን ይህን ያህል ድካም የሚገባው ነገር ነው።